በተለያየ የፊደል ኮድ የተጻፉ ዳታቤዞችን መጠየቅ፦ በመካነ ብርሃን ስም ምሳሌነት

በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ የተመዘገበ ስም በሌላ ዳታቤዝ ውስጥም በዚያው ፊደል ተመዝግቦ፣ በስክሪን ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው እየታዩ፣ ኮምፒውተሩ ግን ሲጠየቅ «የለም» ብሎ የሚመልስበት ሁኔታ በኢትዮጵያ የመረጃ ሥራ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳታቤዝ ማለት መረጃ በሠንጠረዥ ተደልድሎ በኋላ በጥያቄ እንዲወጣ ሆኖ የሚከማችበት ቋት ሲሆን፣ ያ ጥያቄ በባለሙያዎች ዘንድ ኩዌሪ ይባላል። ኩዌሪ በዓይን የሚታየውን የፊደል ቅርጽ አያውቅም፤ የሚያነጻጽረው ከቅርጹ በስተጀርባ የተቀመጡትን ቁጥሮች ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የትኛው ቁጥር እንደሚሰጥ የሚወስነው ስምምነት የፊደል ኮድ ወይም ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ሁለት ዳታቤዞች በሁለት የተለያዩ ስምምነቶች ከተጻፉ፣ ሁለት ገበያዎች «አሥር ቁና» እያሉ በተለያየ ቁና እንደሚሰፍሩት ሁሉ፣ ስያሜው አንድ ሆኖ ልኩ ይለያያል።

ይህ ዲስኩር የሚመለከተው በአማርኛና በግእዝ ፊደል የተጻፉ ዳታቤዞችን በአንድ ላይ መጠየቅ ሲያስፈልግ የሚያጋጥመውን ችግር ሲሆን፣ ለምሳሌነት ደጋግሞ የሚያነሣው በሰሜን ጎንደር ያለው የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን የመካነ ብርሃንን ስም ነው፤ ስሙ ሰባት ፊደላትና አንድ ክፍተት ብቻ ያሉት አጭር ስም ሆኖ ሳለ፣ የጉዳዩን ጣጣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይዞ ይገኛልና። ከሁሉ በፊት ተለይቶ መታወቅ ያለበት፣ ሰዎች «ፍለጋው አልሠራም» ብለው በአንድ ስም የሚጠሩት ችግር ሁለት ሥር ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው የኮድ ልዩነት ሲሆን፣ ይህ መረጃው ወደ ዳታቤዝ በሚገባበት ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሊያበቃ ይገባዋል። ሁለተኛው የአጻጻፍ ልዩነት ነው፤ ይህኛው ግን በተከማቸው ጽሑፍ ላይ እጅ ሳይነሣ በፍለጋው ጊዜ ብቻ መታለፍ አለበት። ሁለቱን ደባልቆ በአንድ መድኃኒት ለማከም የሚሞክር ባለሙያ የመጀመሪያውን ሳይፈታ ሁለተኛውን ያበላሻል።

የኮዱን ልዩነት ለመረዳት ግላዊ ኮምፒውተር ወደ አማርኛ ጽሑፍ ሥራ በገባበት ዘመን፣ ማለትም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይቀመጥ ነበር፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን የሚይዝ የማኅደር መለኪያ ነው። ከ256ቱ ቦታዎች የመጀመሪያዎቹ 128 ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለቁጥሮች፣ ለነጥቦችና ለማሽን ትእዛዛት የተያዙ ሲሆኑ፣ የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ እንደ ቋ፣ ጓና ኳ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ የግእዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ይታከሉበታል። ዶክተር አበራ ሞላንና ፍሥሐ አጥላውን የመሳሰሉት የዘመኑ ጀማሪዎች፣ ከእነሱም በኋላ በየጽሕፈት ቤቱ የተለመዱት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ሠሪዎች፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ባልነበረበት ጊዜ በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ፊደሉን ለማኖር የየራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። በጥቅሉ ሲታይ አንዳንዱ ዘዴ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ላይ የሚያከፋፍል ነበር፤ ሌላው ደግሞ የግእዙን ቅርጽ አንድ ጊዜ አስቀምጦ፣ እግሩን፣ ቀለበቱንና ቅጥያውን እንደ ተለየ ምልክት ከጎኑ ወይም ከላዩ የሚለጥፍ ነበር።

የእነዚህ ዘዴዎች ብልሃት ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ ጋዜጣ ታትሞባቸዋል፣ መጽሐፍ ተዘጋጅቶባቸዋል፣ የመንግሥት ደብዳቤ ወጥቶባቸዋል። ጉድለታቸው የታየው ጽሑፉ ከወረቀት ወደ ዳታቤዝ ሲዛወር ነው። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ለኮምፒውተሩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው በላዩ የተጫነው ፎንት ብቻ ነው። የቃላት ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የፎንቱን ስም ከጽሑፉ ጋር አብሮ ያስቀምጣል፤ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ግን ባይቶቹን ብቻ እንጂ የፎንቱን ስም አያስቀምጥም፤ ፎንቱ የሚገኘው በማስገቢያው ቅጽ ላይ ነው። ስለዚህ ቅጹ ከጠፋ፣ ወይም ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዡ ከተከፈተ፣ የትኛው ዓምድ በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ የሚናገር ነገር አይገኝም። በአንድ ዓምድ ውስጥ እንግሊዝኛና አማርኛ ተቀላቅለው ሲገኙ ነገሩ ይብሳል፤ «ወ/ሮ» በሚለው ምሕጻረ ቃል መካከል ያለው እዝባር እውነተኛ እዝባር ይሁን ወይስ የአንድ ሌላ ፊደል ቅጥያ ሆኖ የተመደበ ቦታ፣ ከባይቱ ብቻ ተነሥቶ መወሰን አይቻልም። በእነዚህ የድሮ ፎንቶች የተሰናዱ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎች ለዓይን ጥርት ብለው እየተነበቡ፣ አንድ አንቀጽ ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአገሪቱ ሕግ በቃል ፈላጊ ዘንድ እንዳልተጻፈ ሆኖ መቅረቱ ብዙ ጊዜ ባይነገርለትም ከባድ ጉዳይ ነው።

ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ ለመቁጠር የተዘጋጀ ስምምነት ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በ3.0 እትሙ 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። በመዝገቡ ውስጥ ሀ የያዘው ቁጥር 4608 ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተመድቦለት በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሥርዓት ይቀጥላል፤ በዚህም መሠረት መ 4632 ላይ ይገኛል። ይህ አሰላለፍ ለዳታቤዝ ሥራ ያልተጠበቀ በረከት አለው፤ ምንም ልዩ የአደራደር ሕግ ሳይታዘዝ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ብቻ የተደረደረ የአማርኛ ስም ዝርዝር ከባህላዊው ተራ ብዙ አይርቅም። ኋላም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ለአገው፣ ለጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ምልክቶች ተጨምረው የግእዝ ፊደል ምልክቶች ብዛት በመዝገቡ ውስጥ 523 ደርሷል። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲወጣ፣ ዩኒኮድ ለተራው ጸሐፊም በእጅ የሚገኝ ሆነ።

ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ ችግሩ አበቃ ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ዩኒኮድ ለፊደሉ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ያ ቁጥር በባይት እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግገው ሌላ ደንብ ነው። ዩቲኤፍ 8 የተባለው ደንብ ዋናዎቹን የግእዝ ፊደላት እያንዳንዳቸውን በሦስት ባይት ሲጽፍ፣ ዩቲኤፍ 16 የተባለው ደግሞ በሁለት ባይት ይጽፋቸዋል። በዚህ ስሌት «መካነ ብርሃን» የሚለው ስም በመጀመሪያው ደንብ 22 ባይት፣ በሁለተኛው 16 ባይት ይይዛል። ኢንተርኔት ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ባዘጋጁት ሴራ በተባለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ቢቀመጥ ደግሞ 12 ባይት ብቻ ይሆናል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ በሦስት የተለያዩ ዳታቤዞች ውስጥ ቢገኙ ግን አንዱን ከሌላው ጋር በቀጥታ የሚያነጻጽር ኩዌሪ አንዳቸውንም አያገናኝም። የዓምዱን ወይም የመስኩን ስፋት በፊደል ሳይሆን በባይት የወሰነ የዳታቤዝ ንድፍ ካለና ስፋቱ 20 ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያ በማይሰጥ አሠራር ውስጥ የከተማዋ ስም መጨረሻ ይቆረጣል፤ ከን ሦስት ባይቶች የመጀመሪያው ብቻ ተርፎ፣ የትኛውም ፊደል ያልሆነ ስባሪ በስሙ ጅራት ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚከፋው ዳታቤዙ በአንድ ኮድ እንደ ተጻፈ አውጆ በውስጡ ሌላ ኮድ ሲይዝ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እስከ 8.0 እትሙ ድረስ በራሱ ፈቃድ የሚመርጠው ኮድ ላቲን 1 የተባለው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ነበር። የኢትዮጵያ ድረ ገጽ ሠሪ ይህን ሳይለውጥ አማርኛን በዩቲኤፍ 8 ሲልክበት፣ ዳታቤዙ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ሦስት የአውሮፓ ፊደላት አድርጎ ይቀበለዋል፤ ጽሑፉን ያስገባው ሶፍትዌር በዚያው በተሳሳተ መንገድ መልሶ ስለሚያወጣው ግን አማርኛው በስክሪኑ ላይ ደህና ሆኖ ይታያል። ሁለት ስሕተቶች እርስ በርሳቸው እየተሸፋፈኑ ዓመታት ያልፋሉ። የሚጋለጡት ሌላ ዳታቤዝ ከዚህኛው ጋር ሲያያዝ ነው፤ ያን ጊዜ በመካነ ብርሃን ፋንታ ምልክት የተደረገበት የላቲኑ ኤ ፊደል በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ የሚገኝበት እንግዳ ድርድር ይወጣል። ኤ የሚደጋገምበት ምክንያት የዋናው የግእዝ መደብ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነ ነው፤ በምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ 225 ያ ኤ ነው። ይህን መልክ የሚያውቅ ባለሙያ በሽታውን በአንድ እይታ ይለየዋል።

ይህ ዓይነቱ ብልሽት ባይቶቹ ሳይነኩ እስከ ቆዩ ድረስ ይመለሳል፤ የተሳሳተውን አዋጅ አንሥቶ ትክክለኛውን መተካት ይበቃል። ሁልጊዜ ግን አይመለስም፤ ምክንያቱም በብዙ ሶፍትዌሮች የሚሠራበት የዊንዶውስ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት፤ እነሱም 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ናቸው። አንድ ባይት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሲወድቅ አንዳንዱ ሶፍትዌር እንዳለ ያሳልፈዋል፣ ሌላው ይጥለዋል፣ ሌላውም በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። የአማርኛ ክፉ ዕድል ሆኖ በጣም የሚደጋገሙት ፊደላት ባይት በእነዚህ ቦታዎች ላይ ይወድቃል፤ የም ሦስተኛ ባይት 157፣ የል፣ የውና የግ 141፣ የነ 144፣ የሁ 129 ነው፤ ፈና ፐ ከነቤተሰባቸው፣ እንዲሁም አራት ነጥብና የግእዝ አኃዞች ደግሞ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው። በመካነ ብርሃን ስም ውስጥ ለዚህ አደጋ የተጋለጠው ነ ብቻ ነው። ስለዚህም በአንዳንድ ዝውውር ስሙ መካከሉ ላይ ተቦርቡሮ ሌላው ክፍል ደህና ሆኖ ሲገኝ፣ ጥፋቱ በዘፈቀደ የደረሰ ቢመስልም ከዚህ ሠንጠረዥ በቀጥታ የሚቀዳ ነው።

ፈጽሞ የማይመለሰው ጥፋት ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲገኝ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ፣ ቫርቻር በተባለው የመስክ ዓይነት ላይ፣ የመስኩ ኮድ የግእዝን ፊደል የማያውቅ ከሆነ፣ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ መስኩ ኤንቫርቻር ተብሎ ዩኒኮድን እንዲቀበል ቢደረግም እንኳ፣ በኩዌሪው ውስጥ ከጽሑፉ ፊት ኤን የተባለችው የላቲን ፊደል ካልተጻፈች ጽሑፉ በመንገድ ላይ ይለወጣል። ሰባት የጥያቄ ምልክትና አንድ ክፍተት የሆነ የከተማ ስም መካነ ብርሃንም፣ ሌላ ባለ ሰባት ፊደል ስምም ሊሆን ይችላል፤ ከወረቀቱ መዝገብ በቀር የሚመልሰው የለም። የቀበሌና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች መረጃቸውን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡ በኋላ የወረቀቱን መዝገብ ለማስወገድ መቸኮል የማይገባቸው በዚህ የተነሣ ነው።

በየዳታቤዙ ያሉት ኮዶች ከታወቁ በኋላ በአንድ ላይ የመጠየቁ ሥራ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው መረጃውን ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዳታቤዞቹን እንዳሉ ትቶ ጥያቄውን ለእያንዳንዳቸው በየኮዳቸው እየተረጎሙ መላክና መልሱን ወደ አንድ ኮድ መመለስ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለምሳሌ በጠያቂውና በቋቱ መካከል ያለውን የኮድ ልዩነት ራሱ ይተረጉማል፤ ይሁንና ይህ የሚሆነው ኮዱ በእውነት ከታወጀና ዳታቤዙም ያንን ኮድ ካወቀ ብቻ ነው። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ግን በየትኛውም ዳታቤዝ የኮድ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ቅጥያን ለይተው በሚያስቀምጡት ፎንቶች ላይ ደግሞ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ወይም በሁለት ሊጻፍ ስለሚችል፣ አንዱን ስም ለመፈለግ የሚቻሉትን አጻጻፎች ሁሉ ማመንጨት ግድ ይላል። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ የራሱ በሆነው መረጃ ላይ የመጀመሪያው መንገድ ይመረጣል፤ አንድ ጊዜ ተደክሞ ይገላገሉታል። የተለወጠው ጽሑፍ ግን በአዲስ ዓምድ መቀመጥ፣ የመጀመሪያዎቹም ባይቶች ከፎንቱ ስም ጋር ሳይጠፉ መቆየት ይገባቸዋል፤ መለወጫው ሠንጠረዥ ስሕተት ያለበት መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከለውጡ ብዙ ቆይቶ ነውና።

ኮዱ አንድ ከሆነ በኋላ የሚቀረው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ ስለ ተዋሐዱ፣ ብርሃን የሚለው ቃል በሃ፣ በሀ፣ በሐ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱ ቃላት ተገጣጥመው አንድ ቃል ሆነውም፣ በባዶ ክፍተት ተለይተውም፣ በሁለት ነጥብ ተለይተውም ይጻፋሉ፤ ሁለት ነጥቡም ራሱ የግእዙ ወይም የላቲኑ ሊሆን ይችላል፤ ለዓይን ተቀራራቢ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። የወረዳው ስምም ጃናሞራ፣ ጃን አሞራ፣ ጃንአሞራ እየተባለ ይጻፋል። ፈጣኑ መፍትሔ መስሎ የሚታየው ሁሉንም ፊደል በአንድ ወጥ አጻጻፍ ቀይሮ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ይህ መፍትሔ ለግእዝ ጽሑፍ ጥፋት ነው። በግእዝ ሰአለ ለመነ ማለት ሲሆን ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ውስጥ ይህን ልዩነት የሚያጠፋ ዳታቤዝ ሠዓሊውን ከለማኙ ይቀላቅላል። በሰው ስም ላይም ቢሆን ባለቤቱ በሠ የጻፈውን ስም በሰ ለውጦ የማስቀመጥ ሥልጣን ለዳታቤዝ ሠሪ አልተሰጠም።

የሚያዋጣው የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አስቀምጦ ከጎኑ የፍለጋ ዓምድ መክፈት ነው። በፍለጋው ዓምድ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ የሀና የአ ግእዝና ራብዕ አንድ ይደረጋሉ፤ ክፍተትና ሁለት ነጥብም ይወገዳሉ። የጠያቂውም ቃል በዚያው ሕግ ተለውጦ ይነጻጸራል፤ ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ያልተለወጠው ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ ከጥያቄው ጋር ሙሉ በሙሉ የገጠመውም ከሌሎቹ ቀድሞ ይቀርባል። ይህን ሥራ ኮሌሽን ለተባለው የዳታቤዙ የማነጻጸሪያ ሕግ መተው አያስተማምንም። የግእዝ ፊደል ከመመዝገቡ በፊት በተዘጋጁ አንዳንድ የቆዩ የማነጻጸሪያ ሕጎች ዘንድ ፊደሎቹ ምንም ክብደት ስለሌላቸው ሁለት የተለያዩ ስሞች እኩል ሆነው ይገኛሉ። በሴራ የተጻፈ መረጃ ላይ ደግሞ ዐቢይና ንኡስ የላቲን ፊደልን የማይለይ ፍለጋ ተን ከጠ ጋር ይደባልቃል፤ በዚህ ምክንያት «መታ» ተብሎ ሲጠየቅ «መጣ» ይመልሳል።

ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ጥያቄን በየኮዱ እየተረጎሙ መላክ፣ የግድ የሚሆነው መረጃው የሌላ ሰው ንብረት ሲሆን ነው፤ ለሰሜን ጎንደር ሰው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በጃናሞራዋ ደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ ተከማችተው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ 350 የሚሆኑትን ወስዷቸው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ካታሎጋቸውንም ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመው። ከዚያ በፊት ጄምስ ብሩስ ከጎንደር የወሰዳቸው መጻሕፍት ኦክስፎርድ፣ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው ፓሪስ ናቸው፤ የማርሴል ግሪዮል ቡድንም በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ቆይቶ የወሰዳቸው ወደ ፓሪስ ተጨምረዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ያነሣ ሲሆን፣ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዚያ ስብስብ ካታሎግ ያደረጉት አስተዋጽኦ የዘርፉ መሠረት ነው። ስለ አንድ የጎንደር ደብር መጻሕፍት ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ ቦታዎች መጠየቅ ይኖርበታል።

በእነዚህ ካታሎጎች ውስጥ የኢትዮጵያ ስሞች በብዛት የተጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ የአጻጻፉ ሥርዓት እንደየካታሎጉ ይለያያል። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ የግእዙን ድምፅ ከላዩ ሁለት ነጥብ ባለው ኤ፣ ራብዑን ምልክት ባልተለጠፈበት ኤ ይጽፋል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ የሚመራው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የኢንተርኔት ዳታቤዝ ደግሞ ግእዙን ባልተለጠፈበት ኤ፣ ራብዑን ከላዩ ሰረዝ ባለው ኤ ይጽፋል። ስለዚህ ያልተለጠፈበት ኤ በአንደኛው ራብዕ፣ በሌላው ግእዝ ነው፤ ምልክቶቹን ሁሉ ጥሎ የሚፈልግ ኩዌሪ ሁለቱንም ያገኛቸዋል፣ ነገር ግን «ከ»ን ከ«ካ» አይለይም። ከዚህም የረቀቀ ወጥመድ አለ። የሳድሱ ድምፅ የሚጻፍበት የተገለበጠው ኢ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች፣ በ477 እና በ601፣ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ንኡሳኑ ቅርጾች በዓይን ፈጽሞ አይለዩም። በብርሃን ስም ውስጥ ከብ ቀጥሎ ይህ ፊደል ስለሚገባ፣ ጠያቂው አንዱን ጽፎ ዳታቤዙ ሌላውን ከያዘ መልሱ ባዶ ይሆናል። ከሥሩ ነጥብ ያለው የላቲን ፊደልም እንዲሁ አንድ ሙሉ ምልክት ሆኖ፣ ወይም ፊደልና ነጥብ ተለይተው ሁለት ምልክት ሆነው ሊቀመጥ ይችላል፤ ለዚህኛው ዩኒኮድ ራሱ ኖርማላይዜሽን የተባለ የማስማሚያ ሕግ አለው፤ ለተገለበጠው ኢ ግን ሕጉ አይደርስለትም፣ ሁለቱ በመዝገቡ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

ለእነዚህ ካታሎጎች የሚበጀው የትርጉም አቅጣጫ ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒ ነው። ከግእዝ ፊደል ወደ ላቲን መተርጎም አስቸጋሪ ነው፤ ሳድስ ፊደል ድምፅ ያለውና የሌለው ሆኖ ስለሚነበብ፣ በብርሃን ውስጥ ብ አናባቢ ሲኖረው ርና ን የላቸውም፤ ይህንንም ከፊደሉ ቅርጽ የሚያውቅ ማሽን የለም። ከምሁራዊው ላቲን ወደ ግእዝ መመለስ ግን ነጥቦቹና ሰረዞቹ እስካልጠፉ ድረስ ቀላል ነው፤ አናባቢ ያለውም የሌለውም ሳድስ ወደ አንዱ ፊደል ይመለሳልና። ስለዚህ የውጭ ካታሎጎችን ስም ወደ ግእዝ ፊደል መልሶ ንጽጽሩን በግእዝ ማድረግ ይሻላል፤ በአገራችን የተለመደው «ሁሉንም በእንግሊዝኛ እናስማማው» የሚለው ሐሳብ በዚህ ቦታ ላይ አይሠራም። በጋዜጣና በካርታ ላይ ያለው ልማዳዊው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን ሕግ ስለሌለው ወደ ግእዝም አይመለስም፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ስም ብቻ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ስም የሚረዳው ፊደል ሳይሆን መለያ ቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ወረዳና ከተማ አንድ ቁጥር ተሰጥቶ፣ የሚታወቁት አጻጻፎች ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ይዘረዘራሉ፤ የብራና መጻሕፍትም በርዕሳቸው ሳይሆን በስብስባቸው ቁጥር ይያያዛሉ።

አንድ ዳታቤዝ ከሌላው ጋር ከመያያዙ በፊት የሚደረገው ፍተሻም ከዚህ ሁሉ ይመነጫል። በብዙ ቦታ «ሰላም» የሚል ቃል ተጽፎ ደህና ወጣ ተብሎ ይታለፋል፤ ሰላም መልካም ቃል ቢሆንም ከተጋላጮቹ ፊደላት የሚፈትነው የመጨረሻውን ም ብቻ ነው። የተሻለው የፍተሻ መስመር ሁ፣ ል፣ ም፣ ነ፣ ው፣ ግ እና ፍ ያሉበት፣ ቋ እና ጓ የሚገኙበት፣ የግእዙ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ፣ እንደ ፲፰፻፵፯ ያለ አኃዝ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ የተካተቱበት መስመር ነው። በተጨማሪም በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጌ ቋንቋዎች ከተመዘገቡት ምልክቶች ቢያንስ አንዱ ሊገባበት ይገባል፤ እነዚህ በዩቲኤፍ 8 አራት ባይት የሚፈልጉ ሲሆን፣ ማይኤስኪውኤል ለረጅም ጊዜ ዩቲኤፍ 8 ብሎ ሲያቀርበው የነበረው ኮድ ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም፤ ሙሉው ኮድ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 በሚል ሌላ ስም ይገኛል። በአማርኛ ብቻ የተፈተሸ ዳታቤዝ ይህን ጉድለት ሳያሳይ ዓመታት ይቆያል፤ እነዚህ ምልክቶች ያሉበት የመጀመሪያው የጉራጌኛ ስም ሊመዘገብ በቀረበ ቀን ግን መዝጋቢው ስሙን ማስገባት አይችልም።